ለቤዝቦል ፋንታሲ ድራፍት የቱን ስሌት ልመን?

ሁለት ተጫዋቾች ላስቀምጥላችሁ። ካይል ሽዋርበር በ2023 ለፊላደልፊያ ፊሊስ 47 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሻግር ምት) መታ። የመምታት አማካዩ ግን 0.197 ነበር። አምስት ጊዜ ሞክሮ አንዴ እንኳ አይሞላለትም ማለት ነው። በዚያው ዓመት የማያሚ ማርሊንሱ ሉዊስ አራኤዝ 0.354 መትቶ በመምታት አማካይ ናሽናል ሊግን በአንደኝነት ጨረሰ። ሆም ራኑ ግን 10 ብቻ። ለፋንታሲ ቡድናችሁ ተጫዋች የምትመርጡበት ድራፍት ላይ ናችሁ፤ ተራው የእናንተ ነው፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው። የቱን ታነሳላችሁ?

ይህን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ላለነው ነው። ብዙዎቻችን የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ አሳምረን እናውቃለን። ቤዝቦል ግን የሥራ ባልደረቦቻችን ጨዋታ ነው። መጋቢት ሲገባ "አንድ ሰው ጎደለን፣ ግባ" ይላሉ። እኔም እንደዚያ ነው የገባሁት። ስገባ ያልገባኝ ትልቁ ነገር ይህ ነበር፦ በፕሪሚየር ሊጉ ፋንታሲ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጣችኋል፣ 15 ሰው ትይዛላችሁ፣ ሃላንድን ከፈለጋችሁ ሃላንድ አለ። ጎረቤታችሁም ይይዘዋል። በቤዝቦል ድራፍት ግን አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። ከተወሰደ ተወሰደ። ስለዚህ "ጥሩ ተጫዋች ማነው?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። "እሱን ካልወሰድኩ ምን ይቀርልኛል?" የሚለው ይቀድማል። ከዚህ በታች የማወዳድራቸውን ስሌቶች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው።

የጨዋታውን ሕግ ባጭሩ ላስታውስ። ይህ ነገር በ1980 ኒው ዮርክ ውስጥ በዳንኤል ኦክረንት ሐሳብ ተጀመረ። ጓደኛሞቹ ይገናኙበት የነበረው ምግብ ቤት ሮቲሴሪ ስለሚባል ስሙ በዚያው ቀረ፤ ዛሬም "ሮቶ" ይባላል። የተለመደው ዓይነት አሥር መመዘኛ አለው። ለመቺዎች አምስት፦ ሆም ራን፣ ራን (ቤዞቹን ዞሮ ያስቆጠረው ነጥብ)፣ አር ቢ አይ (በምቱ ያስገባው ራን)፣ የተሰረቀ ቤዝ (ምት ሳይጠብቅ ሮጦ የያዘው ቤዝ) እና የመምታት አማካይ። ለወርዋሪዎች አምስት፦ ድል፣ ሴቭ (መሪነትን ጠብቆ ጨዋታውን መዝጋት)፣ ስትራይክአውት (መቺውን ሳያስመታ ማስወጣት)፣ ኢ አር ኤ (በዘጠኝ ኢኒንግ የሚቆጠርበት ራን) እና ዊፕ (በአንድ ኢኒንግ በምት ወይም በነፃ ቤዝ የሚያስይዘው ሰው)፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዝቅ ሲሉ ይሻላል። 12 ቡድን ካለ በአንድ መመዘኛ አንደኛ የወጣ 12 ነጥብ፣ መጨረሻ የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል። አሥሩ ይደመራል። በቃ።

አፑ ደርድሮ የሚያቀርበው ዝርዝር

አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ይህንን ነው። ያሁም ሆነ ኢ ኤስ ፒ ኤን ተጫዋቾችን ከ1 ጀምረው ደርድረው ያቀርባሉ። ጥሩ ጎኑ ጊዜ አይፈጅም፤ ትልቅ ስህተትም አያሠራም። ልጅ ታቅፋችሁ ድራፍት ካደረጋችሁ ይህ ዝርዝር ያድናችኋል።

ችግሩ ዝርዝሩ የእናንተን ሊግ አያውቅም። ስንት ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዝ ተጫዋች) እንደምትይዙ፣ በአማካይ ፈንታ ሌላ መመዘኛ መርጣችሁ እንደሆነ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ 11ዱም ተፎካካሪዎቻችሁ ያንኑ ዝርዝር እያዩ ነው። ሁሉም በሚያየው ዝርዝር ማንንም አትበልጡም።

እኔ ግን አልጥለውም። የምጠቀምበት ለሌላ ነገር ነው፤ ሌሎቹ ማንን መቼ እንደሚወስዱ ለመገመት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ያለፈው ዓመት ቁጥር

በመጀመሪያ ዓመቴ የተመካሁት በዚህ ነበር። ማታ ከሥራ መልስ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለፈውን ዓመት ሰንጠረዥ አትሜ በማርከር እያቀለምኩ ተቀመጥኩ። ብዙ ቤዝ የሰረቀ አንድ ወጣት ሯጭ በጊዜ ወሰድኩ። ሚያዝያ ሳይጋመስ ቡድኑ ወደ ታችኛው ሊግ አወረደው። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ቦታ ሰው ስቀያይር ከረምኩ። ሳሩን እንጂ ገደሉን አላየሁም ነበር።

ያለፈው ዓመት ቁጥር እውነት ነው፤ ሆኗል። ነገር ግን ሦስት ነገር ይደብቃል። አንደኛው ዕድል ነው። ሁለተኛው የመሰለፍ ጊዜ ነው፤ ሳይሰለፍ የሚመታ ሰው የለም። ሦስተኛው የጨዋታው መለወጥ ነው፤ ይኸኛውን በምሳሌ ላሳይ።

በ2023 ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ሕጉን ቀየረ። ቤዙ ከ15 ኢንች ወደ 18 ኢንች ሰፋ። ወርዋሪው በሰዓት ተገደበ። ሯጭን ለማስደንገጥ ወደ ቤዝ መወርወርም ተገደበ። ውጤቱ ምን ሆነ? በ2022 በጠቅላላው 2,486 ቤዝ ተሰርቆ ነበር። በ2023 ቁጥሩ 3,503 ደረሰ። በ2022 30 ቤዝ የሰረቀ ሰው የነበረውን ድርሻ ለመያዝ በ2023 ወደ 42 መስረቅ ነበረበት። ቁጥሩ 30 ሆኖ ይቆይ እንጂ ዋጋው ወርዷል። ከጤፍ ዋጋ ጋር የኖረ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ያው መቶ ብር የአምናውን ያህል አይገዛም።

ስለዚህ የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን ድራፍት ለማድረግ አይበቃም ባይ ነኝ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህንን ያዙልኝ።

ትንበያ

ትንበያ የብዙ ዓመት ቁጥርን አጣርቶ የሚመጣውን ዓመት ይገምታል። ቀላሉን ብታዩ ሌላው ይገባችኋል። ቶም ታንጎ የሚባለው የቤዝቦል ስሌት ሰው "ማርሴል" የሚል ቀመር ሠራ። ዝንጀሮ እንኳ ሊሠራው ይችላል ለማለት በዝንጀሮ ስም ሰየመው። አካሄዱ እንዲህ ነው። የቅርቡ ዓመት በ5፣ ያለፈው በ4፣ ከዚያ በፊት ያለው በ3 ይባዛል። አንድ መቺ ዘንድሮ 36፣ አምና 24፣ ካቻምና 18 ሆም ራን መታ እንበል። 180 እና 96 እና 54 ሲደመር 330። ለ12 ሲካፈል 27.5። ከዚያ ውጤቱ ወደ ሊጉ አማካይ በመጠኑ ይጎተታል፤ በመጨረሻ ዕድሜው ይታያል። እናንተ 36ን አይታችሁ ስትሯሯጡ ቀመሩ "ረጋ በሉ፣ 26 ወይም 27 ጠብቁ" ይላችኋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቀመሩ ነው ልክ የሚሆነው።

ዛሬ ከዚህ የረቀቁ አሉ። ስቲመር አለ። የዳን ዚምቦርስኪ ዚፕስ አለ። ሁለቱም ፋንግራፍስ በሚባለው የቤዝቦል ስሌት ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ። እዚያው "ዴፕዝ ቻርትስ" የሚባል ሁለቱን ቀላቅሎ፣ ማን ስንት ጊዜ እንደሚሰለፍ ሰዎች ገምተው ያስገቡበት ትንበያም አለ። ከእነዚህ አንዱን ምረጡ ብትሉኝ ይህን የመጨረሻውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ግልጽ ነው። ማሽን የአንድን ሰው ችሎታ ጥሩ አድርጎ ይገምታል፤ አሠልጣኙ ማንን እንደሚያሰልፍ ግን ዜና የሚከታተል ሰው ይሻላል።

ትንበያም ቢሆን ጉዳትን አያስቀርም። ሮናልድ አኩኛ በ2023 41 ሆም ራን መትቶ 73 ቤዝ ሰረቀ። በ2024 ድራፍት እሱን የሚቀድም ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ግንቦት ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፣ በ49 ጨዋታ ዓመቱ አለቀ። እሱን የወሰደ ሰው አልተሳሳተም። ትክክለኛ ምርጫ መጥፎ ውጤት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህን ያልተቀበለ ሰው በየዓመቱ ዘዴውን ሲቀያይር ይኖራል።

ገና ሜጀር ሊግ ያልረገጡ ወጣቶችን በተመለከተ ደግሞ ትንበያው ራሱ ልቅ ነው። ስማቸው ይጮሃል፣ ሰው በጊዜ ይወስዳቸዋል። ለእኔ ላም አለኝ በሰማይ ነው። መጨረሻ ዙር ላይ ካልሆነ አልነካቸውም።

ዜድ ስኮር፤ ልዩ ልዩውን በአንድ ሚዛን

ትንበያ በእጃችሁ አለ። አሁን ጥያቄው 47 ሆም ራን ከ0.354 አማካይ ጋር እንዴት ይወዳደራል ነው። በርበሬና ቅቤ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም ብላችሁ እንዳትተዉት። ሁለቱንም ወደ ብር ብትለውጡ ይመዘናሉ። ዜድ ስኮር የሚሠራው ይህንን ነው።

አሠራሩ አንድ መስመር ነው። ከተጫዋቹ ቁጥር ላይ የመቺዎቹን አማካይ ቀንሱ፤ ልዩነቱን ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን አካፍሉ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማለት ተጫዋቾቹ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን ነው። ኤክሴል በራሱ ያወጣላችኋል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ አማካዩን የምታወጡት ሊጋችሁ ውስጥ ከሚያዙት ተጫዋቾች ብቻ ይሁን። 12 ቡድን 14 መቺ ቢይዝ 168 ሰው ነው። የተቀሩትን ካስገባችሁ አማካዩ ይወርድና ሁሉም ሰው ጥሩ ይመስላችኋል።

ሽዋርበርንና አራኤዝን በዚህ እንመዝን። የራሳቸው ቁጥር የ2023 እውነተኛ ነው፤ የሊጉን አማካይና ርቀት ግን ለምሳሌ ያህል እኔ መድቤዋለሁ።

ሆም ራን፦ አማካይ 22፣ ርቀት 9። ሽዋርበር 2.78 ትርፍ፣ አራኤዝ 1.33 ጉድለት።

የመምታት አማካይ ላይ ግን ቆም በሉ። የሊጉን 0.265 እንበልና ከ0.354 ላይ ዝም ብሎ መቀነስ አይበቃም። 600 ጊዜ የሚሞክርና 100 ጊዜ የሚሞክር እኩል አይመዝኑም። ስለዚህ "አማካይ ሰው በዚህ ሙከራ ስንት ይመታ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ሽዋርበር 585 ጊዜ ሞክሮ 115 መታ። 0.265 የሚመታ ሰው 155 ይመታ ነበር። ስለዚህ ሽዋርበር 40 ምት ያጎድልባችኋል። አራኤዝ 574 ሞክሮ 203 መታ። አማካዩ ሰው 152 ይመታ ነበር። 51 ምት ይጨምርላችኋል። ርቀቱን 15 ብንል ሽዋርበር 2.67 ጉድለት፣ አራኤዝ 3.39 ትርፍ።

እዚህ ድረስ አራኤዝ ይመራል። አሁን የተቀሩት ይግቡ። ሽዋርበር 108 ራንና 104 አር ቢ አይ አለው። አራኤዝ 71 እና 69። የራኑን አማካይ 78 እና ርቀቱን 17፣ የአር ቢ አዩን 76 እና 18 ብትሉ ሽዋርበር በሁለቱ ብቻ 3.32 ያተርፋል፣ አራኤዝ 0.80 ያጎድላል። በቤዝ ስርቆት ሽዋርበር ዜሮ፣ አራኤዝ 3፤ አማካዩም ርቀቱም 13 ቢሆን ሁለቱም ይከስራሉ። ሲደመር ሽዋርበር ወደ 2.4፣ አራኤዝ ወደ 0.5 ይመጣል።

እኔ ይህን መጀመሪያ ስሠራው ተገርሜ ነበር። 0.197 የሚመታ ሰው የሊጉን የአማካይ አሸናፊ ይበልጣል። በዓይን አይታይም፤ በድምር ግን ይታያል።

አንድ እርምጃ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። ከዚህ ድምር ላይ በነፃ የምታገኙትን ሰው ዋጋ ቀንሱ። 12 ቡድን አንድ አንድ ካቸር ቢይዝ 13ኛው ካቸር ማንም የማይፈልገው ነፃ ሰው ነው። ካቸሮች በአጠቃላይ ደካማ መቺ ናቸው፤ 13ኛው በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ መጠነኛ የሚመታ ካቸር ከነፃው ሰው ብዙ ይርቃል። የሜዳው ጥግ ተጫዋቾች፣ አውትፊልደር የሚባሉት፣ ብዙ ናቸው፤ ነፃውም ሰው ደህና ነው። ያው 20 ሆም ራን በካቸር ቦታ ይከብዳል፣ በአውትፊልድ ይቀላል።

የዜድ ስኮር ድክመት ሴቭ ላይ ይታያል። አብዛኛው ወርዋሪ ሴቭ የለውም፤ ጥቂቶች 30 እና 40 አላቸው። ቁጥሩ ስለሚዘል ስሌቱ የመጨረሻ ሰዓት ወርዋሪዎችን ከሚገባቸው በላይ ያስወድዳቸዋል። ቦታቸውን ደግሞ በአንድ መጥፎ ሳምንት ሊያጡት ይችላሉ። ኤክሴሉ ምንም ቢል እኔ ዋጋቸውን ዝቅ አድርጌ ነው የምይዘው።

ደረጃ የሚያሳድገው ስንት ነው?

ሌላው ተፎካካሪ ስሌት የሚነሳው ከራሳችሁ ሊግ ታሪክ ነው። በአንድ መመዘኛ አንድ ደረጃ ለመውጣት ስንት ያስፈልጋል? ባለፈው ዓመት በሆም ራን አንደኛው 300፣ 12ኛው 190 ሰብስበው ነበር እንበል። ልዩነቱ 110። ከ12ኛ ወደ 1ኛ 11 እርከን ነው። አንድ ደረጃ 10 ሆም ራን ይፈጃል ማለት ነው። በቤዝ ስርቆት ልዩነቱ 88 ቢሆን አንድ ደረጃ 8 ስርቆት ነው። ከዚያ ሁሉንም ተጫዋች በደረጃ ትለኩታላችሁ።

ይህ ስሌት ልቤን ይነካዋል፤ በቀጥታ ስለ ነጥብ ነውና የሚያወራው። ግን የሦስት ዓመት ያህል የሊጋችሁ መዝገብ ይፈልጋል። ሰዎቹ በየዓመቱ የሚቀያየሩ ከሆነ፣ ወይም ገና ሁለተኛ ዓመታችሁ ከሆነ፣ ዜድ ስኮር ይሻላችኋል። የቆየ ሊግ ከሆነና ሰዎቹ ያው ከሆኑ ግን ያለ ማመንታት ይህንን ያዙ።

ወርዋሪ ሲመጣ ኢ አር ኤን ብቻ አትመኑ

በ2001 ቮሮስ ማክራከን አንድ ነገር አሳየ። ወርዋሪ ስትራይክአውትን፣ መቺን ያለ ምት በነፃ ወደ ቤዝ ማሳለፍንና ሆም ራንን በእጁ ይይዛል። ኳሷ ተመትታ ሜዳ ውስጥ ከገባች በኋላ ግን መያዝ አለመያዟ አብዛኛው የተከላካይና የዕድል ነገር ነው። ከዚህ "ፊፕ" የሚባል ቁጥር ተወለደ፤ እነዚያን በእጁ ያሉትን ብቻ ይቆጥራል።

ብሌክ ስኔል በ2023 ለሳን ዲዬጎ 2.25 ኢ አር ኤ ይዞ ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። በዚያው ዓመት ግን 99 ሰው በነፃ አሳልፎ ነበር፤ ፊፑም 3.44 ነበር። በ2024 ኢ አር ኤው 3.12 ሆነ። አሁንም ጎበዝ ነው፤ ግን በ2.25 ዋጋ የገዛው ሰው ከስሯል። እኔ ወርዋሪ ስመርጥ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው የስትራይክአውቱን መቶኛ ነው። ከዚያ ላይ የነፃ ማሳለፉን መቶኛ እቀንሳለሁ። ድልን አልተነብይም፤ በቡድን አጋሮቹ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው።

ለየትኛው ሊግ የቱ?

ሊጋችሁ በነጥብ የሚቆጠር ከሆነ፣ ሆም ራን ይህን ያህል፣ ስትራይክአውት ይህን ያህል የሚል ከሆነ፣ ዜድ ስኮር አያስፈልጋችሁም። ትንበያውን በነጥቡ አባዙ፣ ነፃውን ሰው ቀንሱ፣ ጨርሳችኋል። በየሳምንቱ አንድ ለአንድ የምትገጥሙ ከሆነ አንድ መመዘኛ አውቃችሁ መተው ትችላላችሁ፤ ብዙ ሰው ሴቭን ይተዋል። ሮቶ ከሆነ ግን መተው ውድ ነው። ዓመቱን ሙሉ በዚያ መመዘኛ 1 ነጥብ ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ።

ጨረታ ከሆነ ድምሩን ወደ ዶላር ለውጡ። በተለመደው 12 ሰው በ260 ዶላር ይገባል፤ ጠቅላላው 3,120 ነው። 23 ሰው ለእያንዳንዱ ቡድን 276 ተጫዋች ይሆናል። ለእያንዳንዱ የግድ 1 ዶላር ስትመድቡ 2,844 ዶላር ይቀራል። ከነፃው ሰው በላይ ካለው ዋጋ ሁሉ 1 በመቶ የሚይዝ ተጫዋች 28 ዶላር እና አንዷ፣ 29 ዶላር ያወጣል። 35 ሲደርስ እጃችሁን አውርዱ።

በተራ የሚመረጥ ድራፍት ከሆነ ተራው እንደ እቁብ በዕጣ ይወጣል። 5ኛ ደረሳችሁ እንበል። ዙሩ ስለሚገለበጥ ምርጫችሁ 5ኛ፣ 20ኛ፣ 29ኛ፣ 44ኛ ነው። ከ5 እስከ 20 መካከል 14 ሰው ይወሰዳል፤ ከ20 እስከ 29 መካከል 8 ብቻ። ያ የተውነው የአፑ ዝርዝር እዚህ ላይ ይጠቅማል። የእናንተ ስሌት 25ኛ ያደረገውን ሰው አፑ 70ኛ ላይ ካስቀመጠው በ29 አትውሰዱት። ሌላውን አንሱ፤ እሱን በ44 የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። አፑ 35ኛ ካደረገው ግን በ29 ያዙት።

ድራፍቱ ማታ ሲጀመር ስልኩን አርቃችሁ፣ ኤክሴሉን ከፍታችሁ ተቀመጡ። እኔ ቡናዬን ቀድሜ ነው የማፈላው፤ በሁለት ምርጫ መካከል ጀበና ጋ መሄድ አይቻልም። ከሥር አንድ ረድፍ ለራሳችሁ ቡድን ድምር ተዉ። ከእያንዳንዱ ምርጫ በኋላ ተመልከቱት። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ትልቁን ድምር ውሰዱ፤ ከስድስተኛው ወይም ከሰባተኛው በኋላ ያ ረድፍ የጎደለውን ይነግራችኋል።

ወደ ሁለቱ ሰዎች ልመለስ። መጀመሪያ ሽዋርበርን አነሳለሁ። ከጥቂት ዙር በኋላ አራኤዝ አሁንም ካለ ግን ከእሱ የተሻለ ድምር ያለውን ሰው ትቼ እሱን እወስዳለሁ። የሁለቱን የ2023 ቁጥር ደምሩት፦ በ1,159 ሙከራ 318 ምት፣ አማካይ 0.274፣ ሆም ራን 57።